ጥዱን ማን ተከለው?

ባለፈው ወር በዚህ አምድ ስለ ልጆች የንባብ ልማድ ስንጨዋወት ቆይተን ነበር። ለዛሬ ከመጽሐፉ ቀና ብለን ወደ ጫካ እንወጣለን። ያስወጣን ደግሞ አንድ የተሳሳተ መልስ ነው፤ የተሳሳትኩትም እኔው መምህሩ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስለ ዕፅዋት ክፍሎች ሳስተምር «ኮኒፈር» የሚባሉት ዛፎች ላይ ደረስን። እነዚህ አበባ የማያወጡ፣ ዘራቸውን በኮን የሚይዙ ዛፎች ናቸው። እንደ ልማዴ ሰሌዳው ላይ አንድ ሾጣጣ ዛፍ ሣልኩ፤ ከጎኑም ቅርፊቱ የተደራረበ ደረቅ ኮን ጨመርኩ። አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ በእኛ አገር ኮኒፈር አለ?» ብላ ጠየቀች። «ፈረንጆች ያመጧቸው አሉ፤ የእኛ የሚባል ግን የለም» አልኳት። ድምፄ ውስጥ ቅንጣት ጥርጣሬ አልነበረም።

በሳምንቱ ልጅቷ ከአያቷ ግቢ የቆረጠችውን የጥድ ቅርንጫፍ ይዛ መጣች። ቅርንጫፉ ላይ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ ሰማያዊ ፍሬ አለ፤ መጠኑ ከአተር አይበልጥም። «ይህስ?» አለች። «ይህማ ፍሬ ነው፤ እንዲህ ያለ ፍሬ የሚያፈራ ዛፍ ኮኒፈር አይባልም» ብዬ ወደ ቀጣዩ ርዕስ አለፍኩ።

ማታ ቤቴ ገብቼ መጽሐፍ ሳገላብጥ ላብ አጠመቀኝ። ያ ፍሬ የመሰለኝ ነገር ራሱ ኮን ነው። የጥድ ኮን ቅርፊቶች እንደ ሌሎቹ ደርቀው አይከፈቱም፤ ሥጋ አውጥተው እርስ በርስ ይጣበቁና ዘሩን ውስጣቸው ያስቀሩታል። የሐበሻ ጥድ ኮኒፈር ነው። ዝግባም ኮኒፈር ነው። ሁለቱም ማንም ሳያመጣቸው በአገራችን ደጋ የኖሩ ዛፎች ናቸው። ልጅ ሆኜ አሊፍ ባ ታን የቆጠርኩበት ሎህ የዝግባ ሳንቃ ነበር። የመድረሳችን ምሰሶዎች የጥድ ግንድ ነበሩ፤ የጥድ እንጨት ምስጥ በቀላሉ አይደፍረውምና። የምሥራቅ አፍሪካ ጥድ በውጭ ገበያ ስሙ የወጣው ለእርሳስ መሥሪያ ተስማሚ በመሆኑ እንደሆነም ያን ማታ ነው ያነበብኩት። በአንዱ ኮኒፈር ላይ ቁርአን ተምሬ፣ በሌላው ጥላ ሥር አድጌ፣ ስጠየቅ «የለም» አልኩ።

በማግስቱ ልጅቷን በክፍል ጓደኞቿ ፊት ይቅርታ ጠየቅኋት። መምህር ሲሳሳት ተማሪ ደስ እንደሚለው ታውቃላችሁ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን አልሳቀችም። «እሺ፣ ኮን ከሆነ ታዲያ ለምን ፍሬ መሰለ? አያቴ ግቢ ወፎቹ ይበሉታልኮ» አለች። ለዚህኛው መልስ ከአፌ አልቸኮልኩም። ሄደን እንይ አልኩ።

ባለፈው ጥር አንድ ቅዳሜ፣ ፈጅርን ሰግደን ጉዞ ጀመርን። ሰባት ተማሪዎች፣ የአሥራ ሁለት ዓመቱ የእህቴ ልጅና እኔ ነን። ከተማሪዎቹ ሁለቱ ክርስቲያኖች ናቸው። እናቶች አምባሻ፣ ቆሎና በፔርሙስ ሻይ አስይዘውናል። ለዘጠኝ ሰው አንድ ባይኖኩላር አለን፤ እሱም የውሰት ነው።

መድረሻችን የመናገሻ ሱባ ደን ነበር። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በ45 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት፣ በሰበታ በኩል ታልፎ የሚገኝ፣ የወጨጫን ተራራ ወገብ የያዘ ደን ነው። የተራራው አናት ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,300 ሜትር ያልፋል። ደኑ በ15ኛው መቶ ዘመን በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ እንደተተከለና የጥዱ ዘር የመጣው ከሰሜን ሸዋው የወፍ ዋሻ ደን እንደሆነ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ታሪክ አለ። ንጉሡ የነገሡት ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. ነበር። እንግዲህ ታሪኩ እውነት ከሆነ፣ ተከላው ከተፈጸመ ከ550 ዓመት በላይ ሆኖታል። ይህን ያህል ዘመን ደን ሆኖ ለመቆየት ግን የአንድ ጊዜ ተከላ አይበቃም። ያረጀው ሲወድቅ የሚተካው ያስፈልጋል። የተካው ማን ነው?

በር ላይ የተቀበሉን አስጎብኚ በጫካው ጥበቃ ያረጁ አባት ናቸው። ገና ሰላምታውን ሳንጨርስ «ድምፃችሁን ተዉት፣ ዓይናችሁን ብቻ ይዛችሁ ግቡ» አሉን። ሰባት ወጣቶችን ዝም ማሰኘት ምን ያህል እንደሚቻል መምህራን ይፍረዱ።

መጀመሪያ ያለፍነው በሰው እጅ በረድፍ የተተከለ የፈረንጅ ጥድ ነው። የትውልድ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው፤ ቶሎ ስለሚያድግ ለጣውላ ይፈለጋል። ዛፎቹ እንደ ወታደር ተሰልፈዋል። ሥራቸው ጨለማ ነው፤ መሬቱ ላይ ከረገፈ ደረቅ ቅጠል በቀር ሣርም ቁጥቋጦም የለም ማለት ይቻላል። ሩብ ሰዓት ያህል ስንሄድ አንድም ወፍ አላየንም። ባይኖኩላሩን የያዘው ልጅ ሰለቸውና ለሌላው አቀበለ። ልጅቷ ከመሬት አንድ ኮን አነሳችና «ቲቸር፣ ሰሌዳው ላይ የሣሉት ይኸው» አለችኝ። እውነትም እሱው ነው፤ ደረቅ፣ እንጨት የመሰለ፣ ሲበስል ተሰንጥቆ ዘሩን የሚያራግፍ። እዚህ ኮን ላይ የሚቆረጠም እንጂ የሚዋጥ ነገር የለም።

የፈረንጁን ጥድ ለመውቀስ አይደለም። ቤት የሚሠራ ሰው ጣውላ ይፈልጋል፤ ይህ ዛፍ ባይኖር መጥረቢያው ወደ ሐበሻው ጥድ ይዞር ነበር። ነገር ግን ዛፍ በብዛት የቆመበት ሁሉ ደን እንዳልሆነ ለልጆቹ በቃል ከማስረዳት ያን ሩብ ሰዓት በእግር ማስኬዱ ይሻላል።

ከዚያ አንዲት ጅረት ተሻገርንና ነባሩ ደን ውስጥ ገባን። ልጆቹ ራሳቸው «ተለወጠ» አሉ። ግንዱ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ሽማግሌ ጥድ፣ ከሥሩ ወይራ፣ ከፍ ሲል ኮሶ፣ በየቅርንጫፉ የተንጠለጠለ የሽማግሌ ጢም የመሰለ ሽበት። ዝግባው ደግሞ እንዲያው ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ወጥቷል። ከላይ ጋጋኖዎች እየተንጫጩ አለፉ። ከቁጥቋጦው ውስጥ ቆቅ ጮኸ። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ ምንቃሩ እንደ መጥረቢያ የወፈረው ቁራ ቆልቁሎ አየን። ይህ ቁራ በአፍሪካ ቀንድ ብቻ የሚገኝ ቢሆንም ቄራ አጠገብ ስለምናየው ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

አስጎብኚያችን ድንገት እጃቸውን አነሱ። ቆምን። አንድ ፍሬ ያዘለ ጥድ አናት ላይ ቅርንጫፍ ይነቃነቃል። ባይኖኩላሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ እኔ ዘንድ ሲደርስ፣ አረንጓዴ ለብሳ፣ ጉትያዋን አቁማ፣ ጉንጯ ላይ ነጭ ነጥብ ያላት ወፍ እንደ ሽኮኮ በቅርንጫፉ ላይ ትሮጣለች። ነጭ ጉንጯ ቱራኮ ነች። ሰማያዊውን የጥድ ኮን አንድ በአንድ እየለቀመች ሳታኝክ ትውጣለች። ልጅቷ ዞራ አየችኝ፤ ምንም አላለችም።

ቱራኮዋ ክንፏን ዘርግታ ስትነሳ ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ዋ!» አሉ። ቆማ ሳለች ያልነበረ ቀይ ቀለም ከክንፏ ሥር ቦግ አለ፤ ስታርፍ መልሳ ከደነችው። ስለዚህ ቀለም አንድ ነገር ልንገራችሁ። በብዙ ወፎች ላይ የምናየው አረንጓዴ እውነተኛ አረንጓዴ ቀለም አይደለም፤ ቢጫ ቀለምና የላባው አሠራር ከብርሃን ጋር ተገናኝተው ለዓይናችን የሚፈጥሩት ነው። የቱራኮ አረንጓዴ ግን የራሱ የሆነ አረንጓዴ ቀለም ነው። ቀዩም እንዲሁ፤ በውስጡ መዳብ አለ። እናቶቻችን ድስት ያሠሩበት የነበረው መዳብ ማለቴ ነው። ወፏ መዳቡን ከምትበላው ምግብ ጥቂት በጥቂት እየሰበሰበች ክንፏን ታቀልምበታለች። ሱብሐነላህ ከማለት ሌላ ምን ይባላል!

የእህቴ ልጅ ግን «ሱብሐነላህ» ሲል እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር። ቱራኮዋ ቅርብ ቅርንጫፍ ላይ ስታርፍ እጁ ወጣ፤ የላስቲክ ወንጭፍ ይዟል። ድንጋዩን መቼ እንዳነሳ አላህ ይወቅ። እኔ ለመጮህ አፌን ስከፍት ሽማግሌው ቀደሙኝ። አልጮሁም፤ የልጁን እጅ በቀስታ ያዙና ዝቅ አደረጉት። «እኔም በአንተ ዕድሜ ኢላማዬ ደህና ነበር» አሉት። ከዚያ ወንጭፉን ሳይነጥቁ «ና አንድ ነገር ላሳይህ» ብለው ወሰዱት።

ያለ ጥቅም ወፍ መግደል የተነቀፈ መሆኑን ይህ ልጅ በመድረሳ ተምሯል። ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ፈተናውንም አልፏል። ያን ቀን የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ልጁ ትምህርቱን ሲማር ወፏ አልነበረችም፤ ወፏ ስትመጣ ደግሞ ትምህርቱ አልነበረም።

ሽማግሌው የወሰዱን ከደኑ ዳር ወደሚገኝ ገላጣ ቦታ ነው። እዚያ ከደረቀ ብዙ ዘመን የሆነው የወይራ ዛፍ ቆሟል። ከቅርንጫፎቹ ሥር፣ ልክ በጥላው ልክ፣ ቁመታቸው ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት የሚደርስ የጥድ ችግኞች ተኮልኩለዋል። ከዚያ ወዲያ ባለው ሣር ላይ አንድም የለም። «ማን የተከላቸው ይመስልሃል?» አሉት ልጁን። «የደን ሠራተኞች» አለ። «እኛ ስንተክል በመስመር ነው» ብለው ሳቁ። ቀጥለውም ወደ ደረቁ ቅርንጫፍ አመለከቱ። ቅርንጫፉ በወፍ ኩስ ነጭ ሆኗል።

የልጅቷ ጥያቄ የተመለሰው እዚህ ነው። ጥድ ብርሃን ወዳድ ነው። እናቱ ጥላ ሥር የወደቀ ዘር ጨለማው ውስጥ የማደግ ተስፋው አነስተኛ ነው። ዛፍ ደግሞ እግር የለውም። ስለዚህ ዘሩን ወደ ገላጣ የሚያደርስለት ተሸካሚ ይፈልጋል፤ የተሸካሚው ሒሳብ ያ ሥጋማ ኮን ነው። ወፏ ትውጣለች፤ ሥጋው ይፈጫል፤ ዘሩ ጠንካራ ስለሆነ ደህና ወጥቶ ካረፈችበት ሥር ይወድቃል። ዝግባም ዘሩን የሸፈነው በሚበላ ልባስ ነው፤ እርሱ ግን ጥላን ስለሚችል ከሌሎች ዛፎች ሥር ቀስ እያለ ያድጋል። ሙስሊም ከተከለው ዛፍ ወፍ ብትበላለት ሰደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለት ሁላችንም እናውቃለን። እዚህ ደግሞ በሊዋ ራሷ ተካይ ሆና አገኘናት።

የበላ ሁሉ ይተክላል ማለት ግን አይደለም። ጥቂት ቆይተን አረንጓዴ ትናንሽ በቀቀኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው ጥዱ ላይ ሰፈሩ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በየትም አገር ጫካ የሌሉ ናቸው፤ ሳይንሳዊ ስማቸውም ከኤርትራው የታራንታ ተራራ መተላለፊያ የተወሰደ ነው። ባልየው ግንባሩ ቀይ ነው፤ ሚስትየው ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ነች። ጎን ለጎን ተጠጋግተው ሲቀመጡ ሴቶቹ ተማሪዎች ተንሾካሾኩ። እነዚህ ግን በምንቃራቸው ዘሩን ፈልቅቀው ስለሚያደቁት ከሆዳቸው የሚወጣ ዘር የለም። «እነዚህስ በልተው የሚሄዱ እንግዶች ናቸው» አለ አንዱ ተማሪ።

በመመለሻችን ላይ ጀርባዋ ላይ ጭራሮ የተሸከመች ሴት አገኘን። ሸክሙ ከሷ ይበልጣል። ሽማግሌው በኦሮምኛ ሰላም አሏት፤ ቆማ ትንፋሽ ወሰደች፤ መለሰችላቸውና አለፈች። አንዱ ተማሪ «ደን የሚጨርሱት እነዚህ ናቸው» ብሎ አንሾካሾከ። እኔ ግን በዚያች ሴት ላይ ጣት ለመቀሰር ድፍረቱን አላገኘሁም። የተሸከመችው ደረቅ ጭራሮ ነው፤ የእኔ አጥር ማእዘኖች ግን ሙሉ የጥድ ግንዶች ናቸው። ስገዛቸው ስንት ዘመን እንደኖሩ ሳይሆን ስንት ብር እንደሆኑ ነበር የጠየቅኩት።

ዙሁር ደረሰ። ከጅረቱ ውዱእ አድርገን አንድ ትልቅ ዝግባ ሥር ሰፍ ሠራን፤ መሬቱ በረገፈ ቅጠል ለስልሷል። ሁለቱ ክርስቲያን ተማሪዎች ምሳውን እየጠበቁ ወዲያ ተቀመጡ። ሽማግሌው ቀደም ሲል «እኩለ ቀን ላይ ወፍ ዝም ይላል፤ ከእንግዲህ አትጠብቁ» ብለውን ስለነበር ባይኖኩላሩም ተጠቅልሎ ነበር።

በሁለተኛው ረከዓ ላይ፣ ከቁጥቋጦው ውስጥ ዋሽንት የመሰለ ድምፅ ተነሳ። ሞላ ያለ፣ የሚንቆረቆር ድምፅ ነው። ወዲያው ሌላ ድምፅ ተቀበለው። ኢማም ነኝና ዞሬ ማየት አልችልም። ሐሳቤን ለመሰብሰብ ያን ያህል የታገልኩበት ሶላት ብዙ አላስታውስም፤ አላህ ይቀበለን። አሰላምቼ ስዞር ቁጥቋጦው ባዶ ነው። ሁለቱ ተማሪዎች ግን ዓይናቸውን አፍጥጠው፣ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። «ሁለት ነበሩ፤ ግራጫ ናቸው፣ ከጅራታቸው ሥር ቡናማ ቀይ። አጠገባችሁ ድረስ መጡ። ሁላችሁም ዝም ስላላችሁ ነው» አለን አንደኛው።

ሽማግሌው በምልክቱ ወዲያው አወቋት። ፈረንጆቹ «የአቢሲኒያ ድመት ወፍ» የሚሏት፣ በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኝ፣ ጥንዶቹ ተቀባብለው የሚያዜሙላት ወፍ ነች። ለሳይንስ የተመዘገበችው በ1843 እ.ኤ.አ. ሲሆን ስሟም ጋሊኒዬ ለተባለ፣ አገራችንን ለጎበኘ ፈረንሳዊ መኮንን መታሰቢያ ሆኗል። ከየትኛው የወፍ ዘር እንደምትመደብ ሊቃውንቱ ረጅም ዘመን ተከራክረውባታል። ጠዋቱን ሙሉ በባይኖኩላር ስንፈልግ ያላገኘናትን ወፍ፣ ባይኖኩላር ያልያዙት ሁለቱ አዩልን። የቀረነው ድምፅዋን ብቻ ሰማን።

ልጅቷ በደብተሯ አሥራ አራት ወፎች መዝግባለች። ስማቸውን ያላወቅናቸውን በመልካቸው ጽፋቸዋለች፦ «ፀሐይ ካልነካት ጥቁር፣ ከነካት ሐምራዊ፣ አበባ ላይ» ትላለች አንዷ። ቤት ገብቼ ሳጣራ የተከዜ ወንዝ ስም የተሰጣት የአበባ ማር ጠጪ ሆና ተገኘች። የድመት ወፏን ግን ስላላየቻት አልመዘገበችም። «ድምፅዋን ሰምተሻልኮ» ብላት «ያየሁትን ነው የምጽፈው» አለችኝ። ከዚህች ልጅ ጋር መከራከር ምን እንደሚያመጣ ስለማውቅ ተውኩት።

የእህቴ ልጅ ከደረቁ ወይራ ሥር የለቀመውን ዘር በመሐረብ ቋጥሮ ወደ ቤቱ ወስዶ ነበር። በሳምንቱ እህቴ ደወለችልኝ። «ልጄን ወፍ ያሳይልኛል ብዬ ብሰድድ የወፍ ኩስ አስይዘህ ላክኸው!» አለችኝ። ዘሩን አፈር በሞላው የቲማቲም ቆርቆሮ ውስጥ ተክሎ ውኃ ያጠጣዋል። የጥድ ዘር ለመብቀል ብዙ ይቆያልና እስካሁን የወጣ የለም። ስለ ወንጭፉ አልጠየቅኋትም፤ እሷም አላነሳችው።

እኔም በዚህ መንፈቅ ዓመት ትምህርቱ ሲደርስ ሰሌዳው ላይ ሁለት ኮን ሣልኩ። አንደኛው ያው የድሮው ነው። ሁለተኛው ድቡልቡል ሆኖ ሰማያዊ መሆን ነበረበት፤ ትምህርት ቤታችን ግን ከነጭ በቀር ሌላ ጠመኔ የለውም።